«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ባለፈው ሰሞን ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። የት ግንባር እንደነበረ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። «ጋሼ፣ ያየሁትን እንዳለ ብጽፈው ሙት ወቃሽ አልባልም ወይ?» ይላል። በእጁ የጻፋቸውን አራት ገጾች በስልኩ ፎቶ አንስቶ አያይዟል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ተቀመጥኩ፤ አንድ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና ሦስት ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ።

እንግዲህ መልሱ ለእሱም ለመሰሎቹም ይሁን። «ብዙ አንብቡ»፣ «ፊደል አትግደፉ» የሚለውን ከአስተማሪዎቻችሁ ስለሰማችሁት እዘለዋለሁ። ሰምታችሁት ይሆን? የሚደርሱኝን ጽሑፎች ሳይ ያጠራጥረኛል፤ ለዛሬ ይቅር።

ዘመኑ 1982 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሶቭየት አካል በነበረችው በቤላሩስ ዋና ከተማ ሚንስክ ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ አንድ መጽሔት ውስጥ አዘጋጅ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ አሥር አለቃ በክራንች ተደግፎ ገባ። ከሰሜን ቆስሎ የመጣ ነው። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። ከካፖርቱ ውስጥ የተማሪ ደብተር አወጣ፤ ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ዓይነት፣ ጠርዙ በላብ የተልፈሰፈሰ።

ማታ ቤቴ ወስጄ አነበብኩት። ምሽግ ውስጥ ውሃ አልቋል፤ ሁለት ቁስለኞች አሉ። አሥር አለቃው ስድስት ኮዳ አንጠልጥሎ ወደ ወንዝ ወረደ። ሞልቶ ሲመለስ መድፍ ይዘንብ ጀመር፤ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተኛ። ተኩሱ አባራ፤ እሱ አልተነሳም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ተኝቶ አንዱን ኮዳ ጠጣ፤ ቆየና ሁለተኛውን። ምሽጉ ሲደርስ አንደኛው ቁስለኛ ሞቷል። ሁለተኛው ቀና ብሎ ኮዳዎቹን ተመለከተ። «ምንም አላለኝም፤ ብቻ በዓይኑ ቆጠራቸው» ብሎ ነበር የጻፈው።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ከቋጥኙ ሥር ያለውን በሙሉ ሰረዝኩት። በምትኩ «የእሳቱን ዝናብ ሰንጥቆ ስድስቱንም ኮዳ አደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። የዘመኑ ሳንሱር ነው ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ ብዙ እኩዮቼ እንደዚያ ይላሉ። ግን ጽሑፉ ሳንሱር ዘንድ ሳይደርስ ነው የቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። እንዲያውም ያሳመርኩለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ መጣ። ቆሞ አነበበው፤ ክራንቹን በብብቱ ይዞ፣ በአንድ እጁ ገጽ እየገለጠ። ሲጨርስ ቀና ብሎ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ። «አንተ ነህ እንጂ!» ብዬ ሳቅሁ። መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ደብተሩን አልጠየቀኝም፤ ክፍያውንም አልወሰደም። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ይህን ያደረግሁት የቤላሩሱን ደራሲ ቫሲል ቢኮቭን አንብቤ ከመጣሁ በኋላ መሆኑ ነው።

1976 ዓ.ም. ሚንስክ ስገባ የሩሲያኛ አስተማሪያችን «ሶትኒኮቭ» የሚለውን ልቦለዱን ሰጠችኝ። ክረምቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ተፋለምኩት። (የዶርሙ ጠባቂ ሴትዮ ሽሮ ስንሠራ በርበሬው እያስነጠሳት ትጮህብን ነበር። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በልጅነቷ ያየች ናት፤ የተረፈ እንጀራ ስንደፋ ካየች ግን አትጮህም፣ ታለቅሳለች።) ሐቲንም ወስደውናል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1943 ከነሰዎቿ የተቃጠለች መንደር ናት። መታሰቢያው ላይ ሦስት በሪዮዛ ዛፎች ተተክለዋል፤ በአራተኛው ቦታ እሳት ይነዳል። ከአራት ቤላሩሳዊ አንዱ በጦርነቱ አልቋል ለማለት ነው።

ቢኮቭ የዚያ አገር ልጅ ነው። የእሱን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፈው። በ1924 ቢችኪ በምትባል መንደር ከድሃ ገበሬዎች ተወለደ። ቪቴብስክ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ጀምሮ ነበር፤ በ1940 የተማሪ ድጎማው ሲቀር አቋረጠ። ጦርነቱ መጣና በ19 ዓመቱ መኮንን ሆኖ ግንባር ገባ። በ1944 መባቻ ዩክሬን ውስጥ ኪሮቮግራድ አጠገብ ቆሰለ፤ ሞቷል ተብሎ ተመዘገበ። ለእናቱ መርዶ ደረሳት፤ ስሙም ከጅምላ መቃብሩ ሐውልት ላይ ተጻፈ። ሙት ወቃሽ እንዳልባል ለምትፈራው ልጅ ይህን ነው ልነግርህ የፈለግሁት፤ ስለ ሙታን የጻፈው ሰው ራሱ ስሙ መቃብር ላይ ነበር።

ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ 45 ሚሊሜትር ፀረ ታንክ መድፍ ላይ ተመደበ። ወታደሮቹ መድፉን «ደህና ሁኚ አገሬ» ይሉት ነበር፤ ከታንክ ፊት ለፊት ስለሚቆም ምድብተኛው ብዙ አይቆይም። በዚያው ዓመት ሩማንያ ውስጥ ከጀርመን ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት የገዛ አገሩ ሰዎች መካከል አንድ የሚያውቀው ፊት አየ። የጦር ጓዱ ነበር። ጀግና ሆኖ ሞተ ብለው ያለቀሱለት ሰው። ተማርኮ ነበር፤ ለጊዜው ላድርገውና አመልጣለሁ እያለ ቀን በቀን ሲገባበት ኖሯል።

«ሶትኒኮቭ» የተወለደው ከዚያ ፊት ነው። ሁለት አርበኞች በበረዶ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፤ ሶትኒኮቭ ሳል ይዞታል፣ ሪባክ ጠንካራና ዘዴኛ ነው። ጣሪያ ሥር ተደብቀው ሳለ ሳሉ አጋለጣቸው። ሪባክ በሕይወት ለመቆየት ሲል ባንዳ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጓደኛው ሲሰቀል ከእግሩ ሥር ግንዱን የሚስበው እሱ ነው። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ራሱን ሊሰቅል ሲል ቀበቶው የለም፤ ሲይዙት ወስደውበታል። ዶርሜ ውስጥ እዚህ ጋ ስደርስ ብርድ ልብሴን ገልብጬ ተነሳሁ። ሪባክ ክፉ አይደለም እኮ! እስከ ግማሹ ድረስ ከሶትኒኮቭ ይልቅ እሱን ነበር የወደድኩት።

ያን ፊት ካየ 26 ዓመት ቆይቶ ነው መጽሐፉን በ1970 ያወጣው። እናንተ ግን ሰው ገና ሳይቀበር ቪዲዮ ትለቃላችሁ። ቆዩ፤ ነገሩ ይብሰል። ይህን ብዬ ደግሞ አሥር አለቃው ትዝ ይለኛል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ነው የጻፈው፣ አንዲት ቃል አልሳተም። ስለዚህ መቆየት ያለበት ማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አዘጋጁ ነው።

«ሙታን አያማቸውም» የሚለው ሥራው በ1966 ሞስኮ «ኖቪ ሚር» መጽሔት ላይ ሲወጣ የኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ «ፕራቭዳ» ሳይቀር ዘመተበት፤ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በመጽሐፍ አልታተመም። ወንጀሉ በጦሩ ውስጥ ለራሱ ሰዎች ጨካኝ የነበረን መኮንን ማሳየቱ ነው። ቤላሩስኛውን ወደ ሩሲያኛ የሚመልሱለት ሰዎች ስላላረኩት ኋላ ላይ ራሱ ይተረጉም ጀመር። እንግዲህ ለአርታኢ አትንበርከኩ ልላችሁ ነበር። ግን እሱም ቢሆን የሶቭየት መንግሥት ትልቅ ሽልማት የሆነውን የሌኒን ሽልማት በ1986 ተቀብሏል፤ እኔ ያኔ እዚያው ነበርኩ፣ ጋዜጦቹ ፎቶውን አወጡት። በተሰደበበት ዓመትም በተሸለመበት ዓመትም ስለዚያው ስለሚፈራ ወታደር ነው የጻፈው። በስተርጅናው ከአገሩ መንግሥት ጋር ተጣልቶ ፊንላንድ፣ ጀርመንና ቼክ ተንከራተተ፤ ለሞት ሲቃረብ ግን ወደ አገሩ ገባ። ያረፈው ጁን 22 ቀን 2003 ነው፤ ጀርመን ሶቭየትን በወረረችበት ቀን መታሰቢያ።

አሁን ወደ ላክህልኝ ገጾች። ሦስተኛው ላይ፣ ከታች አምስተኛው መስመር፣ «ወደ ፊት ገሠገሥን» ይላል። ከሥሩ ደጋግመህ የሰረዝከው ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ። ፎቶውን አጉልቼ ስመለከት ሁለት ቃል ይነበበኛል፦ «እኔ ግን»። የቀረውን እስክሪብቶህ ሸፍኖታል። እባክህ እሱን ጻፍና ላክልኝ።