የጦርነት ዘመን ጂፕ ሞተር ቀለሙ ምን ነበር? ጥያቄና መልስ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጂፕ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ የተነሳችሁ ሰዎች ስለ ሞተሩ ቀለም የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የ1943 ጂፕ ሞተር ግራጫ ነው ወይስ አረንጓዴ? ሁለት ሰው ጠይቄ ሁለት የተለያየ መልስ አገኘሁ።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ጂፑን የሠሩት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ዊሊስ ኤም ቢ ብሎ፣ ፎርድ ደግሞ በዊሊስ ንድፍ ጂ ፒ ደብልዩ ብሎ። ከ1941 እስከ 1945 ሁለቱ ተደምረው ከ600 ሺህ በላይ አውጥተዋል። ፎርድ ሞተሩን ግራጫ ይቀባ ነበር፤ የዊሊስ ወይራማ አረንጓዴ ነው። የውጭው አካል አረንጓዴ ስለሆነ ሞተሩም እንደዚያው ነው ብለህ አትገምት። ሞተሩ ተቀብቶ ያለቀው ሻንሲው ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው።

የእኔ ጂፕ የስም ሰሌዳው ፎርድ ይላል። እንግዲህ ግራጫ ልቀባው?

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል ተመልከት። በሞተሩ ቀኝ ጎን፣ ከፊት በኩል፣ ዘይት ማጣሪያው አጠገብ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ነው። ከቁጥሩ በፊት ኤም ቢ የሚል ካለ ሞተሩ የዊሊስ፣ ጂ ፒ ደብልዩ የሚል ካለ የፎርድ ነው። ሠራዊቱ ዕቃው ሁሉ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዲገጥም አድርጎ ነው ያዘዘው፤ ስለዚህ የፎርድ አካል ውስጥ የዊሊስ ሞተር ማግኘት የተለመደ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ አጠገብ በነበረው የላ ማልቱርኔ ወታደራዊ ጋራዥ ብቻ ስንትና ስንት ጂፕ ከተደባለቀ ዕቃ ተገጣጥሞ ወጥቷል። ጂፕህ ከአውሮፓ የተገዛ ከሆነ ይህንን በእጅጉ ጠርጥር።

ሞተሬ ሦስት አራት ጊዜ የተቀባ ይመስላል። የመጀመሪያውን ቀለም እንዴት ላግኘው?

ከሁሉ በላይ የምወደው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛው መልስ ያለው የቀለም ገበታ ላይ ሳይሆን ራሱ ብረቱ ላይ ነው። ኋላ የቀባው ሰው ብሩሹ ያልደረሰበትን ቦታ ፈልግ፤ ከሞተር መያዣው ስር፣ ከዘይት ማጣሪያው ማሰሪያ ጀርባ፣ ካምቢዮው ከሚገጥምበት ጠርዝ፣ ከማኒፎልዱ (አየርና ጭስ ከሚተላለፍበት ቱቦ) ጀርባ ካለው የቫልቭ ክዳን ዳርና ዳር። ማሰሪያውን ስትፈታ ከስሩ የሚወጣው ንጹህ ቁራጭ ቀለም ከማንኛውም ካታሎግ ይበልጣል።

ሰማንያ ዓመት የተጋገረ ዘይት ግን ያታልላል። ግራጫው ላይ ሲቀመጥ ቢጫ ያለብሰውና አረንጓዴ ያስመስለዋል፤ በዚህ ብቻ የፎርድ ሞተር አረንጓዴ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ። ስለዚህ ቅባቱን ቀለም በማይበላ ማጽጃ ቀስ ብለህ አንሳ። ቲነር አታስነካው፣ ቀለሙን ጭምር ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በውሃ የሚሠራ 800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ወስደህ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ላይ ክብ እየሠራህ እሸው፤ መጨረሻ ላይ በ1500 አለስልሰው። ንብርብሮቹ ቀለበት ቀለበት ሆነው ይወጣሉ፤ መሐል ላይ ብረቱ፣ ብረቱን የነካው የመጀመሪያው፣ ዳር ያለው የመጨረሻው። የሚታየውን ቀለም በቀን ብርሃን ፍረድ እንጂ በጋራዥ አምፖል አይደለም።

አንድ ነገር አደራ፦ ያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ። በደረቁ አትፋቀው፤ ሁልጊዜ እያራስክ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ልጆች በሌሉበት ሥራው።

ቀለም ቤት 33070 እና 24087 የሚሉ ቁጥሮች አሳዩኝ። ለየትኛው ዘመን ነው?

እነዚህ የአሜሪካ ፌዴራል ስታንዳርድ 595 ቁጥሮች ናቸው። ስታንዳርዱ የወጣው በ1956 ነው፤ ማለትም ጦርነቱ ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ። ለጦርነቱ ዘመን ጂፕ 33070 ሲባል ትሰማለህ፤ ኋላ የተገኘ ተቀራራቢ ነው እንጂ ፋብሪካው ያኔ የሚያዝዘው ቁጥር አልነበረም። የመጀመሪያው አሃዝ የሚነግርህ ነጸብራቁን ነው፤ 1 አንጸባራቂ፣ 2 ከፊል አንጸባራቂ፣ 3 ደብዛዛ። ሁለተኛው የቀለሙ ቤተሰብ ነው፤ 3 ቢጫ፣ 4 አረንጓዴ፣ 6 ግራጫ። 33070 ደብዛዛና ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ 24087 ደግሞ ከፊል አንጸባራቂ አረንጓዴ ነው፤ ይኸኛው ከጦርነቱ በኋላ ለመጡት ተሽከርካሪዎች ነው። ያጸዳኸውን ቁራጭ ይዘህ ሄደህ በማሽን አስለክተህ ብታስቀምም ከቁጥሩ የተሻለ ታገኛለህ።

ማኒፎልዱና ዲናሞውስ?

ብሎኩ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ የተለመደ የሞተር ኢናሜል ይበቃዋል። የጭስ ማኒፎልዱ ግን በብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚግል የፋብሪካውም ቀለም ወዲያው ይቃጠል ነበር፤ ባዶ ብረቱን አጽድተህ ተወው። ዲናሞና ሞተሪኖ (ማስነሻው) ከሌላ ኩባንያ ተሠርተው የሚመጡ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ናቸው። ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ አትርጫቸው።

አዲስ አበባ ያለ የአባቴ ጂፕ አለኝ። የጦርነቱ ጊዜ ነው ይሉኛል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?

ልጄ፣ ኮፈኑን ክፈቺና ቴስታታውን፣ ብሎኩ ላይ የተቀመጠውን የላይኛውን ክፍል እዪ። ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ አራቱ ካንዴላዎች ላዩ ላይ ከቆሙ የጦርነቱ ዘመን ዓይነት ሞተር ነው፤ ይኸው ዓይነት ግን ከጦርነቱ በኋላም በሲቪሉ ጂፕ ላይ ስለቀጠለ ቁጥሩንም አጣሪ። ቴስታታው ረዘም ብሎ ከላይ የቫልቭ ክዳን ከተጫነበት የጦርነቱ አይደለም። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ከሆነ ኤም 38 ኤ 1 የሚባለው ወታደራዊ ጂፕ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ከ1952 ወዲህ የተሠራ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነቱን የፈረሙት በ1953 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለሠራዊቱ ከመጡት አንዱ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ከላይ ያልኩት ግራጫና አረንጓዴ አይመለከትሽም፤ ከራሱ ብሎክ ላይ ፈልጊ።

ፓውደር ኮት (በዱቄት ተረጭቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም) ባስደርገውስ? አይላቀቅም ይሉኛል።

አታስደርገው። ወፍራም ነው፤ የተመታውን ቁጥርና የቀረጻውን ፊደል ይደፍነዋል፤ መልኩም የዚያ ዘመን አይሆንም።

እኔ ብረቱ ላይ ግራጫ፣ ከላዩ ደግሞ አረንጓዴ አገኘሁ። የቱን ልምረጥ?

እንኳን ደስ ያለሽ፤ ይህ ከፎርድ ወጥቶ ኋላ ጋራዥ የገባ ሞተር መሆን አለበት። ሁለቱም የታሪኩ እውነት ናቸው። የምትመልሽው ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ከሆነ ግራጫውን፣ በአገልግሎት ላይ የነበረበትን ጊዜ ከሆነ አረንጓዴውን ቀቢ። እኔ ብሆን ግራጫውን እመርጣለሁ። የቱንም ብትመርጪ ከዘይት ማጣሪያው ጀርባ የመዳፍ ስፋት ያህል አሮጌውን ቀለም እንዳለ ተዪው፤ ግልጽ ቫርኒሽ አልብሺው። ነገ የሚረከብሽ ሰው ራሱ አይቶ ይፍረድ።