አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛን ለዕለት አገልግሎት ስለማደስ፦ ለጠያቂዋ የተሰጠ መልስ

የወረሱት የእንጨት ጠረጴዛ እግሩ እንደሚነቃነቅና ቫርኒሹ እንደተላጠ ገልጸው፣ ቤተሰብዎ በየቀኑ እንዲመገብበት በማሽን አስፍቀው እግሩን በሚስማር ቢያስመቱት ይበጅ እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። የእኔ ጠረጴዛ ለጥፋት የተዳረገው በእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው።

1. ከላዩ በፊት መጋጠሚያውን ይጠግኑ። አሮጌ የቤት ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚዘጋጅ ኮላ ነው። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለሰልስ እግሩን ሳይሰብሩ ማላቀቅ ይቻላል። የዛሬው ነጭ ኮላ በአሮጌው ኮላ ላይ ተደርቦ በደንብ ስለማይዝ፣ የቀድሞውን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ አጽድተው፣ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ አዲሱን ቀብተው በሞርሳ አጥብቀው ያሳድሩት። ሚስማር ግን ደረቁን እንጨት ይሰነጥቃል፣ እየዋለ ሲያድርም ይላላል፣ ከዚያ በኋላ መጋጠሚያውን ፈትቶ ለመጠገን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትልቅ እንቅፋት ይሆናል።

2. የላዩ እንጨት ወጥ መሆኑን ሳያረጋግጡ ማሽን አያስነኩት። በጠርዙ በኩል ሲያዩት የላዩ የእንጨት መስመር እስከ ጎኑ ካልቀጠለና ቀጭን ሽፋን ከታየ፣ ቬኒየር (በርካሽ እንጨት ላይ የሚለበጥ ስስ የእንጨት ሽፋን) የተለበጠበት ነው፤ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አያልፍም። እኔ ይህን አውቅ ስለነበር ጠረጴዛዬን የወሰድኩበትን የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት በእጅ ብቻ እንዲፈቅልኝ አስቀድሜ ነግሬው ተስማምቶ ነበር። ልረከብ ስሄድ ግን ቬኒየሩ በመሐሉ ተበልቶ የሥሩ ርካሽ እንጨት ወጥቷል፣ በተረፈውም ላይ የማሽኑ ክብ ጭረቶች ይታያሉ፣ አንዱ እግር ደግሞ ሚስማር ተመትቶበት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አሮጌ እንጨት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ፤ ሙሉ ክፍያውንም ካልሰጠሁት ዕቃዬን እንደማይለቅ አስታወቀኝ። የሰው አደራ ተቀብሎ እንዲህ ማለት ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ከፍዬ ወሰድኩትና ራሴ ያዝኩት። ሚስማሮቹን በጥንቃቄ ነቅዬ፣ ኮላውን እስከ ስንጥቁ ጥልቀት አስገብቼ እግሩን በሞርሳ አጣበቅሁት፤ የተበላውን ቦታ ቆርጬ መስመሩ የሚገጥም የቬኒየር ቁራጭ ለበድኩበት። የብርጭቆ ወረቀቱን በ180 ቁጥር ጀምሬ በ220 የጨረስኩት ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ፣ በእጄ ብቻ ነው። ዛሬ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ይኸው ጠረጴዛ ምንም አይነቃነቅም፣ የተለበደውንም ቦታ ካላሳየሁት በቀር ያገኘው ሰው የለም። በዚህ እኮራለሁ።

3. ስለ ማጠናቀቂያው፦ አልኮል የነካ ጥጥ በማይታይ ቦታ ላይ ያሳርፉ። ቫርኒሹ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የቆየ የቫርኒሽ ዓይነት) ነው። ሼላክ ውበት ቢኖረውም ትኩስ ሳህንና ውሃ ነጭ ክብ ስለሚተውበት ለመመገቢያ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ቫርኒሽ ይሻላል። ፖሊዩሬቴን በሰዓታት ውስጥ ለእጅ ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ከባድና ትኩስ ዕቃ አያስቀምጡበት። በተልባ ዘይት ከሠሩ ደግሞ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ ሲደርቅ በሚያመነጨው ሙቀት ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። አሮጌ ቀለም ከተቀባ እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና በደረቁ አይፈቁት፣ ልጆችንም ያርቁ።

ማንኛውንም ነገር ከመጀመርዎ በፊት የጠረጴዛውን ጠርዝና የእግሩን መጋጠሚያ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ፣ ቬኒየር መሆን አለመሆኑን አይቼ እነግርዎታለሁ።