ሌላስ ማንን ይዟል?

ልጆቼ፣ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚይዝ በመፈለግ ሙያ ካረጀሁ በኋላ አንድ አደራ ልስጣችሁ። «የዚህ መድኃኒት ኢላማ ይህ ፕሮቲን ነው» ሲሏችሁ፣ «ሌላስ ማንን ይዟል?» ሳትሉ አትለፉ።

ታሊዶማይድን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀረበ፤ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ሌላም ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። በ1961 ከገበያ መውጣት ጀመረ። በሴል ውስጥ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ሴሬብሎን፣ የታወቀው ግን በ2010 ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከጥቃቅን ማግኔታዊ ዶቃዎች ጋር አያይዘው፣ ከተሰባበሩ ሴሎች በተገኘ ፈሳሽ ውስጥ ነከሩት፤ ዶቃውን አጥበው በላዩ የቀረውን ለዩ። ያን ሁሉ ዓመት እናቶቹ መልስ ሳያገኙ መኖራቸው ዛሬም ያሳዝነኛል።

ዶቃ ግን ያሳስታል። በወጣትነቴ አንድ ፕሮቲን አገኘሁ ብዬ ስምንት ወር ደከምኩበት። የሚጣበቀው ለካ ዶቃው ላይ ነበር እንጂ መድኃኒቱ ላይ አልነበረም። ከዶቃ ጋር ያልተያያዘ ነፃ መድኃኒት አስቀድሜ ፈሳሹ ላይ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ፣ እውነተኛ ኢላማ በእሱ ተይዞ ከዶቃው ላይ ይቀንስ ነበር፤ የእኔው ግን ባለበት በቀረ ነበር። ጥቂት ቀን የሚፈጅ ሙከራ ነው። ያልሠራሁት ውጤቱን ስለወደድኩት ነው። እናንተ መጀመሪያ ሥሩት፤ በተለይ ያገኛችሁት ፕሮቲን ደስ ካሰኛችሁ።

ዛሬ መድኃኒቱን ከምንም ሳያያይዙ፣ በሕያው ሴል ውስጥ እንዳለ መፈለግ ይቻላል። የእንቁላል ነጭ ሲሞቅ እንደሚረጋ፣ የሴል ፕሮቲኖችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሙቀት ይረጋሉ። መድኃኒት የተያያዘው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ሙቀቱን የበለጠ ይቋቋማል። ስለዚህ ሴሎቹ ተከፋፍለው በተለያየ ሙቀት ይሞቃሉ፤ ሳይረጋ በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ፕሮቲን ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይለካል። ቬሙራፌኒብ የተባለው የቆዳ ካንሰር መድኃኒት፣ ከታለመለት ፕሮቲን፣ ከቢራፍ፣ ሌላ ፌሮኬላቴዝን እንደሚይዝ በ2014 የታየው በዚህ መንገድ ነው። ፌሮኬላቴዝ ለደም ቀይ ቀለም የሚሰጠውን ሄም የሚሠራ ኢንዛይም ነው፤ ሲጎድል ቆዳ ፀሐይ አይችልም። መድኃኒቱን የሚወስዱ ብዙ ታማሚዎችም ቆዳቸውን ፀሐይ ያቃጥላቸው ነበር።

ሁሉም ኢላማ በሙቀት አይለይም፤ በጥቂቱ ብቻ የሚገኘውን ፕሮቲን መሣሪያው ላያየው ይችላል። ከሙከራው በሚወጣው የፕሮቲኖች ዝርዝር ላይ ያልታየውን «የለም» አትበሉ። ዝርዝሩ እጃችሁ ሲገባ ደግሞ፣ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳቶች ከጎኑ ዘርግታችሁ አብራችሁ አንብቡ።