በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ወደ ውጭ ለሚልኩ፦ ስለ ማሸጊያና ሌብል ጥያቄና መልስ

ከጥያቄዎቹ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዕቃው የሚሄድበት አገርና የአስመጪው ስም ሳይታወቅ ማሸጊያ አታሳትሙ። ሌብሉን የሚወስነው የተቀባዩ አገር ሕግ ነው። የታተመ ፕላስቲክ የሚታዘዘው ደግሞ በብዛት ስለሆነ አንዲት የተረሳች መስመር ሙሉውን ጥቅል ታስጥላለች።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ላለ አስመጪ በ250 ግራም ከረጢት በርበሬና ሽሮ ላቀርብ ነው። ሌብሉ ላይ ምን ምን መኖር አለበት?

መልስ፦ በፊት ገጹ ላይ ሁለት ነገሮች ግድ ናቸው፤ የምርቱ ስምና የተጣራ ክብደቱ። «ሽሮ» ብቻ ተብሎ ቢተው ለማያውቀው ገዢ ምንም አይነግረውም፤ ከሥሩ የተፈጨ ሽምብራና አተር መሆኑ በእንግሊዝኛ ይገለጽ። ክብደቱ በኦንስም በግራምም ይጻፋል። 250 ግራም 8.8 ኦንስ ነው፤ 9 ብሎ ማጠጋጋት ከረጢቱ ከያዘው በላይ መጻፍ ስለሆነ ጥፋት ነው። ቦታው የፊት ገጹ የታችኛው 30 በመቶ ሲሆን የፊደሉ ቁመት በገጹ የቆዳ ስፋት (ወርድ ሲባዛ በቁመት) ይወሰናል። ከረጢታችሁ 12 በ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ክብደቱ ከታች ባለው 5.4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ ከ4.8 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ፊደል መቀመጥ አለበት። ዲዛይነሮች ለማሳመር ብለው ወደ ላይ ያወጡታል፤ አትፍቀዱላቸው።

የይዘት ዝርዝሩ፣ የምግብ ይዘት ሰንጠረዡ እንዲሁም የአምራቹ ወይም የአከፋፋዩ ስምና አድራሻ በሌላው ገጽ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ። ይዘቶቹ በክብደት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይዘረዘራሉ። በርበሬ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ «ስፓይስስ» በሚለው የጋራ ስም ሊታለፉ ይችላሉ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ጨው ግን እያንዳንዳቸው በስማቸው መጻፍ አለባቸው። ሰሊጥም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ዘጠነኛው የአለርጂ ምግብ ሆኗል፤ በምርቱ ውስጥ ካለ በግልጽ ይጻፋል።

የመጨረሻው የትውልድ አገር ነው። «ፕሮዳክት ኦፍ ኢትዮጵያ» መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሌብሉ ላይ የአከፋፋዩ የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ አድራሻ ካለ፣ የትውልድ አገሩ ከዚያ አድራሻ አጠገብ፣ በተቀራራቢ የፊደል መጠን መታየት አለበት። ጉምሩኩ ገዢው ዕቃው አሜሪካ የተሠራ እንዳይመስለው ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ድርጅት ነን። የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የግድ ነው?

መልስ፦ ከ100 ያነሱ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉትና ከአንድ ምርት በዓመት አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ ያነሰ እሽግ የሚሸጥ ድርጅት ለኤፍዲኤ (ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) በየዓመቱ አሳውቆ ነፃ መሆን ይችላል። ሌብሉ ላይ «በአይረን የበለጸገ» የመሰለ ነገር ከጻፋችሁ ግን ነፃነቱ ይቀራል። የጤፍ ዱቄት ላኪዎች ይህን ልብ በሉ። «ግሉተን ፍሪ» ለማለትም ግሉተኑ (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ከ20 ፒፒኤም፣ ማለትም በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት፤ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ ሳይመረመር እንዲህ አይባልም።

ጥያቄ፦ ደንበኞቻችን አበሾች ስለሆኑ በአማርኛም ብንጽፍበት ችግር አለው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ይከተላል። እንግሊዝኛው በማንኛውም ሁኔታ የግድ ነው። የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሌብሉ ላይ በሌላ ቋንቋ ምርቱን የሚገልጽ ነገር ከተጻፈ፣ ግዴታ የሆነው መረጃ ሁሉ በዚያም ቋንቋ እንዲደገም ይጠይቃል። ፊት ለፊት «ምርጥ የአገር ቤት በርበሬ» ብላችሁ የይዘት ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ብቻ ብትተዉ ሌብሉ ጎዶሎ ነው። ቦታ ካጠረ አማርኛውን ከመቆራረጥ በሙሉ መተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምርት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ እንችላለን?

መልስ፦ በፍጹም። ታኅሣሥ 2018ን «04/2018» ብላችሁ ብታትሙ፣ ተቀባዩ ኤፕሪል 2018 ብሎ ያነበዋል፤ አዲስ ምርት ዓመታት ያለፉት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ተጠቀሙ፤ ወሩንም በፊደል ጻፉት። «05/06» አሜሪካ ውስጥ ሜይ 6፣ አውሮፓ ውስጥ ጁን 5 ነው።

ጥያቄ፦ ያንኑ ሌብል ጀርመን ብልከውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጀርመን የሚሸጥ ምግብ በጀርመንኛ ይጻፋል፤ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለው አስመጪ ስምና አድራሻም ይገባል፤ የምግብ ይዘቱ በ100 ግራም ይሰላል። የትንሿ ፊደል ቁመት ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእሽጉ ትልቁ ገጽ ከ80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ደግሞ 0.9። የአለርጂ ምግቦቹ 14 ሲሆኑ ሰናፍጭና ግብጦም ይገኙበታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ በደማቅ ፊደል ወይም በሌላ መንገድ ጎልተው መታየት አለባቸው።

ለበርበሬ ከሌብሉ የሚብሰው አፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ገደቡ ቢ1 ለተባለው ዋነኛ ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም፣ ለሁሉም ዓይነቶች ድምር 10 ነው። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበቱ መውጫ ስለሌለው ሻጋታው እዚያው ይቀጥላል። ማሸጊያው ጥሩ በሆነ ቁጥር ድርቀቱ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለዱባይና ለሳዑዲስ የአረብኛ ስቲከር ይበቃል?

መልስ፦ አረብኛው የግድ ነው። ስቲከር ለማድረግ አስመጪው አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ የነበረውን መረጃም መሸፈን የለበትም። የምርትና የማብቂያ ቀን ግን ከፋብሪካው በቀጥታ እሽጉ ላይ ይታተማሉ። ቀን በስቲከር ተለጥፎ ከተገኘ የተቀየረ ነው ተብሎ ስለሚጠረጠር ዕቃው ይያዛል።

ጥያቄ፦ የበርበሬያችን ባርኮድ ሱቅ ላይ አልነበብ አለ። ለምን?

መልስ፦ ከከረጢቱ ጋር እንዲሄድ በቀይ ታትሞ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። አብዛኛው ማንበቢያ ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም ቀይ መስመር ለእሱ ነጭ ነው። ጥቁር በነጭ ላይ አትሙ። መደበኛው ስፋት 37.29 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 80 በመቶው ድረስ ብቻ ይቀነሳል። ግራና ቀኙ ያለው ባዶ ቦታም አይነካ።

ጥያቄ፦ ፓሌቱ (ዕቃው የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ምልክት የለውም ተብሎ ተያዘብን።

መልስ፦ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጥሬ እንጨት የአይኤስፒኤም 15 (ተባይ በእንጨት ማሸጊያ እንዳይዛመት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ማኅተም ያስፈልገዋል። በሙቀት የታከመ ከሆነ የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ ሙሉ መቆየት አለበት። ማኅተሙ ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክቱ፣ የአገር ኮዱ፣ የአምራቹ ቁጥርና የሕክምናው ኮድ ይታያሉ። የተሰበረ ፓሌት ባልታከመ ጣውላ ከተጠገነ ማኅተሙ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስይዘውም ይኸው ነው። ከኮምፔንሳቶ ብቻ የተሠራ ፓሌት ግን ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ቡናችን አውሮፓ ሲደርስ ከላይ ያሉት ጆንያዎች ረጥበው ተገኙ። ኮንቴነሩ ቀዳዳ የለውም።

መልስ፦ ውሃው የመጣው ከቡናው ነው። ጅቡቲ ላይ የሞቀው ኮንቴነር ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ከቡናው የወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቡናው ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ አይጫን። ግድግዳው በክራፍት ወረቀት ይሸፈን፤ ከጆንያዎቹም በላይ ይነጠፍ። እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችም ይሰቀሉ። በ20 ጫማ ኮንቴነር ውስጥ በተለምዶ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያዎች ይገባሉ፤ እስከ ጣሪያው አትጠቅጥቁ። ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ገብቶ በሩ ይዘጋበት፤ ብርሃን ካየ ኮንቴነሩ ይመለስ። ጆንያው ራሱ በማዕድን ዘይት ሳይሆን በአትክልት ዘይት የተሠራ መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማዕድን ዘይት ወደ ፍሬው ይገባል።

ጥያቄ፦ ሌብሉ ሁሉ ተሟልቶ አሜሪካ ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ቅድመ ማስታወቂያ ካልተላከ። በባሕር ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ በአየር 4 ሰዓት በፊት ለኤፍዲኤ ይገባል። እዚያ ላይ የሚሞላው የፋብሪካ ምዝገባ ቁጥር በየሁለት ዓመቱ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ለሁለት በሚካፈሉ ዓመታት (እንደ 2024 እና 2026 እ.ኤ.አ.) ይታደሳል። ሳይታደስ የቀረ ቁጥር አይሠራም፤ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አስመጪው ያረጋግጥላችሁ።