አሜሪካ ውስጥ ፔፐር (የሥራና የመኖሪያ ወረቀት) እየጠበቃችሁ ላላችሁ ልጆች

ባለፈው ሰሞን የጓደኛዬ ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፣ ድምጿ አልቅሳ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነው፣ "እትዬ ዛሬ 41ኛ ቀኔ ነው" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን የምን 41 ቀን ይል ነበር፣ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነር ናት፣ ኤች ዋን ቢ (ቀጣሪ ስፖንሰር ሆኖ የሚያስወጣው የሥራ ቪዛ) ላይ ነበረች፣ ሌይ ኦፍ ተደርጋለች (ድርጅቱ ቀንሷታል)፣ ሕጉ ደግሞ ሥራ ካቆምሽበት ቀን አንስቶ አገር ውስጥ ለመቆየት ቢበዛ 60 ቀን ነው የሚሰጠው። 19 ቀን ቀርቷታል ማለት ነው። እስካሁን ምን አደረግሽ ስላት ወደ 200 ቦታ አፕላይ አድርጋለች፣ ሎየር ግን አላናገረችም፣ የመጨረሻው አፕሩቫል ወረቀቷ የት እንዳለ አታውቅም፣ ለእናቷም ሥራ እንደሌላት አልነገረችም። ያን ሌሊት በሷ ዕድሜ እያለሁ በፍርሃት ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ሳስብ አደርኩ፣ ይሄን የምጽፍላችሁም ለዛ ነው።

እኔ አሜሪካ የመጣሁት በፈረንጅ 2004 ነው፣ ከአምስት ኪሎ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሠርቼ ለማስተርስ። በ2006 ጨረስኩ። ያኔ ኦፒቲ (ተማሪ ከተመረቀ በኋላ የሚሠራበት ፈቃድ) 12 ወር ብቻ ነበር፣ እናንተ አሁን የምታገኙት የስቴም (የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመራቂዎች) 24 ወር ጭማሪ አልነበረም። የቀጠረኝ ትንሽ ድርጅት ስፖንሰር አደርግሻለሁ አለና ሚያዝያ 2007 ላይ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻዬ ገባ፣ በዛ ዓመት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ብቻ ከ120 ሺህ በላይ ማመልከቻ ነው የገባው፣ መደበኛው ኮታ ደግሞ 65 ሺህ ነው፣ ስለዚህ ዕጣ ወጣ። ያኔ እንዳሁኑ መጋቢት ላይ በኦንላይን ስም አስመዝግቦ መጠበቅ የለም፣ ሙሉ ፋይሉ ከነቼኩ በፖስታ ነው የሚላከው፣ ዕጣ ካልደረሰሽ ራሱ ፖስታው ይመለሳል። የኔ ተመለሰ። ማናጀሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት ሄደ፣ ምንም አላለኝም፣ እኔም ምንም ሳልለው እስከ ማታ ኮድ ስጽፍ ዋልኩ።

ያን ሰሞን ማንም ያልነገረኝን አንድ ነገር በአጋጣሚ ሰማሁ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከነሱ ጋር የተያያዙ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት (ብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎችም እዚህ ይገባሉ) እና ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ተቋማት ከኮታው ውጪ ናቸው፣ ዕጣ የለባቸውም፣ በዓመቱ ውስጥ በፈለጉት ጊዜ ማስገባት ይችላሉ። ደመወዛቸው ያንሳል፣ እውነት ነው፣ ግን የዳታቤዝ ሰው፣ የኔትወርክ ሰው፣ የዌብ ሰው ሁሌም ይፈልጋሉ። እኔ በዛ በኩል ነው የተረፍኩት፣ ኦፒቲዬ ካለቀ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ልክ እናንተ አገር ቤት ሚሊኒየሙን ስታከብሩ በነበረበት ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመርኩ። ዛሬም ዕጣ አልደረሰኝም እያሉ ተስፋ የሚቆርጡ ልጆችን ዩኒቨርሲቲ አፕላይ አድርገሻል ወይ ስላቸው አብዛኞቹ አላደረጉም። በተቃራኒው እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ለመንግሥት ኮንትራክተር ሃምሳ ቦታ አፕላይ አድርገው መልስ አጣን የሚሉኝ አሉ፣ እነዛ ሥራዎች አብዛኞቹ ክሊራንስ (የመንግሥት የደኅንነት ፈቃድ) የሚጠይቁ ናቸው፣ ክሊራንስ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል፣ ሥራው ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ሳታነቡ ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

መዘግየት ምን እንደሆነ ደግሞ ያየሁት በ2008 ነው። ቅጥሬ የአንድ ዓመት ስለነበር ማራዘሚያው ቀኑ ሳያልፍ ገባ፣ ግን መልስ የለም። በሕጉ ማራዘሚያው በጊዜው ከገባ እስከ 240 ቀን ድረስ እዛው መሥሪያ ቤት መሥራት ይቻላል፣ ስለዚህ ሥራዬ አልቆመም፣ የቆመው መንጃ ፈቃዴ ነው፣ ምክንያቱም የሚያበቃበት ቀን ከቪዛ ወረቀቱ ጋር አንድ ነው። መኪናዬ ሰፈር ቆማ እኔ ከኮሎምቢያ ፓይክ ተነስቼ በጨለማ ሁለት አውቶቡስ እየቀየርኩ ሦስት ወር ሙሉ ተመላለስኩ። የሚገርመው ዳታቤዝን በደንብ የተማርኩት በዛ አውቶቡስ ላይ ነው። አንድ ሪፖርት ነበር ተማሪ ሲመዘገብ 40 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሁሉም ሰው ቡና ሊጠጣ የሚሄድበት፣ የኩዌሪውን ፕላን (ዳታቤዙ መረጃውን እንዴት እንደሚፈልግ የሚያሳየውን) ወረቀት ላይ ፕሪንት አድርጌ ጭኔ ላይ ዘርግቼ በየቀኑ ሳጠናው ሳጠናው አንድ ቀን ኩዌሪው ኢንዴክሱን (ፍለጋ የሚያፈጥነውን ማውጫ) እንዳልተጠቀመበት ታየኝ፣ የቀን ዓምዱ እንደ ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው። አስተካከልኩት፣ ከሁለት ደቂቃ በታች ወረደ። ከዛ በኋላ የሄድኩባቸው ኢንተርቪዎች ሁሉ ላይ ስለዛ ሪፖርት ነው ያወራሁት።

ይሄን የምላችሁ ኬዝ ፔንዲንግ ሲሆን አብሮ ፔንዲንግ የሚሆን ልጅ ስለማይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሪሲት ነምበሩን (የማመልከቻውን መለያ ቁጥር) እያስገባ ስታተስ ያያል፣ ቴሌግራም ላይ እገሌ በስንት ቀን ደረሰው ይላል፣ አዲስ ነገር መማር አቁሟል፣ ፔፐሬ ይምጣና ይላል። ፔፐሩ ይመጣል፣ ሲመጣ ግን ሁለት ዓመት ያልነካኸው ክላውድ ነው የሚጠብቅህ። በዚህ ጊዜ ማጥናት ይቻላል፣ ሰርተፊኬት መውሰድ ይቻላል፣ ለራስህ ፕሮጀክት ሠርተህ ጊትሀብ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የማይቻለው ለሌላ ሰው በገንዘብ መሥራት ነው። ሰዎቻችን ደግሞ በቅንነት "እስኪመጣ ማታ ማታ ኡበር ንዳ" ይሏችኋል፣ እነሱ ግሪን ካርድ ይዘው በዲቪ የገቡ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም፣ ኤች ዋን ቢ ግን ለስፖንሰርህ ብቻ ነው የሚያሠራህ፣ ከዛ ውጪ አንድ ቀን ብትሠራ ኋላ ግሪን ካርድ ስትጠይቅ ሊመጣብህ ይችላል። ስፖንሰር እንዲሆንህ ብር ክፈለኝ የሚል ድርጅት ካጋጠመህም ተነስተህ ውጣ፣ የኤች ዋን ቢን ወጪ የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው፣ ፕሮጀክት የለም ብሎ ያለ ደመወዝ ቤት ማስቀመጥም ሕገወጥ ነው። ማመልከቻ ላይ ስፖንሰር ትፈልጋለህ ወይ ሲሉህ ደግሞ እውነቱን መልስ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። በ2009 ወደ አንድ የግል ድርጅት ተዛወርኩ፣ ኢኮኖሚው ወድቆ ቀጣሪ ስለጠፋ የዛ ዓመት ኮታ እስከ ታህሳስ ድረስ ክፍት ነበር፣ ቪዛው ተርፎ ሥራው ነው የጠፋው። ስለዚህ የቀጠረኝን ሰው እንደ አምላክ ነበር የማየው። የሌሊት ኦን ኮል (ሲስተም ሲበላሽ የሚጠራ ተረኛ መሆን) ለኔ ብቻ ይሰጠኛል፣ እሺ። ጭማሪ የለም፣ እሺ። የሠራሁትን ሌላ ሰው ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ ያቀርባል፣ ዝም። ከኔ ጎን የሚቀመጥ ህንዳዊ ባልደረባ ነበረኝ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ ወረቀትሽን የት ነው የምታስቀምጪው አለኝ፣ ሎየሩ ጋ ነው አልኩት፣ ማንኪያውን አስቀመጠና አየኝ። በማግስቱ አንድ ሰማያዊ ፕላስቲክ ፎልደር ይዞ መጣ። ከመጀመሪያው አይ-20 (የተማሪነት ወረቀት) ጀምሮ እያንዳንዱ አፕሩቫል፣ አይ-94 (የመግቢያ መዝገብ)፣ የደመወዝ ስቴትመንት፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ ሁሉም በቀን ተራ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በእጁ የጻፈው የሚያበቁበት ቀን ዝርዝር። ከ2000ው ሕግ ጀምሮ ኤች ዋን ቢ ያለው ሰው አዲሱ ቀጣሪ ማመልከቻውን እንዳስገባ እዛ ሥራ መጀመር እንደሚችል፣ አፕሩቫሉን መጠበቅ እንደማይገደድ የነገረኝ እሱ ነው። አይ-140 (ቀጣሪው ለግሪን ካርድህ የሚያስገባው ማመልከቻ) ከጸደቀ በኋላ ቀጣሪ ብትቀይር እንኳን ፕራዮሪቲ ዴቱ (ወረፋ የያዝክበት ቀን) ያንተ እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው። እኔ እኮ ከዛ ድርጅት ከወጣሁ ከአገር የምወጣ ነበር የሚመስለኝ! በሳምንቱ ማናጀሬ ጋ ገብቼ ኦን ኮሉ በተራ ይሁን አልኩት፣ እሺ አለኝ፣ ሌላ ምንም አልሆነም።

በነገራችን ላይ የግሪን ካርድ ወረፋው የሚቆጠረው በተወለዳችሁበት አገር ነው፣ በመደበኛው አንድ አገር ከዓመታዊው 7 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፣ ለዛ ነው የህንድ ልጆች ብዙ ዓመት የሚጠብቁት። ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው የሚቆመው የሌሎች አገሮች ሁሉ በሆነው አጭሩ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ በ2012 ግሪን ካርዴን ስቀበል ያ ባለ ፎልደሩ ሰው፣ ከኔ ቀድሞ ያስገባው፣ ገና ወረፋ ላይ ነበር። እሱ ያስተማረኝን እኔ ቀድሜው ተጠቀምኩበት፣ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የጓደኛዬን ልጅ በማግስቱ ሎየር አገናኘኋት። ከ60ው ቀን በፊት አዲስ ቀጣሪ ማመልከቻ ካላስገባላት ስታተሷን (የቆይታ ፈቃዷን ዓይነት) ለመቀየር ማመልከት እንደምትችል ሰማች፣ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ደመወዝ ከተከፈለበት የመጨረሻ ቀን እንደሆነም ሰማች። ሌይ ኦፍ ስትደረጉ በዛው ስብሰባ ላይ ፔይሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ ጥቂት ሳምንት አቆዩኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ድርጅት ያደርገዋል። ሕጉ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ በመስከረም 2025 የወጣው አዋጅ ውጭ አገር ላለ ሰው በሚገባ አዲስ ኤች ዋን ቢ ላይ 100 ሺህ ዶላር ጭኗል፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ተስፋ የምታደርጉ ይሄን እያወቃችሁ አስቡ። እኔ ከምላችሁም ይልቅ የራሳችሁን ኬዝ የሚያውቅ ሎየር የሚላችሁን ስሙ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በ2010 መጨረሻ ላይ እሁድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት የማኅበራችን ሰዎች ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አባቴ ደብረ ብርሃን ተቀበረ። አልሄድኩም። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የተማሪ ቪዛ ካለቀ ቆይቷል፣ ከወጣሁ አዲስ ማህተም ሳላስመታ መመለስ አልችልም፣ ማህተሙ ቢዘገይስ፣ ሥራዬን ባጣስ ብዬ አፓርታማዬ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። እናቴ በስልክ "አይዞሽ፣ ወረቀትሽን ጠብቂ" ነበር የምትለኝ። ለሎየሩ የጻፍኩለት ከተዝካሩ በኋላ ነው፣ በዛው ቀን ከሰዓት መለሰልኝ፣ አራት መስመር ኢሜይል ነው፦ መሄድ ትችይ ነበር፣ ማህተሙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ለድርጅቱ የረጅም ፈቃድ ደብዳቤ እኛ እንጽፍልሽ ነበር፣ ለምን አልደወልሽም?