«ልጄ የውሃ ዋናውን ጠላችው፣ አባቷ ግን አልለቅ አላት»

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የ13 ዓመት ልጅሽ ከ8 ዓመቷ ጀምራ በክለብ ትዋኛለች። መስከረም ላይ አሠልጣኟ ወደ ከፍተኛው ቡድን አሳደጋትና ልምምዱ በሳምንት ከ4 ወደ 6 ቀን ወጣ፤ ሁለቱ ቀን ጎህ ሳይቀድ ነው። ጓደኞቿ የቀድሞው ቡድን ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የምትዋኝበት ሰዓት አልተሻሻለም፣ ገንዳው ጋ ስትደርሱ ከመኪና አልወርድም ብላ ታለቅሳለች። አባቷ «የኦሎምፒክ ዋናተኛዋ ኬቲ ሌዴኪ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከቤቴስዳ አይደል የወጣችው? ስኮላርሺፕ በዋዛ አይገኝም» ይላል። አንቺን ደግሞ «አሞላቀቅሻት» ይልሻል።

ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። ሰነፍ ልጅ 5 ዓመት ሙሉ ገንዳ አይመላለስም።

መጀመሪያ ሰውነቷን እዩላት። በዚህ ዕድሜ የሴት ልጅ ቁመትም ክብደትም ስለሚቀየር ውሃ ላይ ያላት ሚዛንም ይቀየራል፣ ሰዓታቸው ለጊዜው ባለበት የሚቆም ልጆች ብዙ ናቸው። ልምምድ በከበደበት ወር መዘግየትም ያለ ነው፤ አሠልጣኞች ትልቅ ውድድር ሲደርስ ጫናውን የሚቀንሱት ሰውነት አርፎ ፍጥነቱ እንዲወጣ ነው። እንቅልፍስ? በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ በዓመት ደግሞ በድምሩ 3 ወር ያህል ከአንዱ ስፖርት ማረፍን ይመክራል። ትከሻዋን ካመማት፣ ጉንፋን ከተመላለሰባት ወይም የወር አበባዋ ከቀረ ሐኪም ይያት።

ወደ ልቧ ስንመጣ፣ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ሐሳብ አለ፦ ሰው ከውስጡ ተነሳስቶ የሚሠራው ምርጫው የራሱ ሲሆን፣ እየቻለ እንደሆነ ሲሰማውና ከሚቀርባቸው ሰዎች ጋር ሲሆን ነው። ልጅሽ ሦስቱንም በአንድ መስከረም አጣች። ቡድን ስትቀይር የጠየቃት የለም፣ ድሮ ፊት ሆና ትመራ የነበረችው ዛሬ የሁሉም ጭራ ናት፣ ጓደኞቿም አጠገቧ የሉም። ከዚያ መኪና ውስጥ ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ቀበቶ ሳታስር፣ አባቷ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቷን ያነብላታል። ይሄ ዛሬውኑ ይቁም። ወደ ቤት ሲሄዱ ራቷን ይጠይቃት እንጂ ሰዓቷን አይጠይቃት።

ባለቤትሽን ግን እንደ ክፉ አትዪው። ሁለት ሥራ እየሠራ የልጁ ነገ የሚያስጨንቀው አባት ነው። ልጅቷ በሌለችበት ረጋ ብለሽ ንገሪው፦ የኮሌጅ የዋና ስኮላርሺፕ ጥቂት ነው፣ ከሚያገኙትም አብዛኞቹ የክፍያውን ከፊል ብቻ ነው የሚያገኙት። ሌዴኪ በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ 15 ዓመቷ ነበር፤ እንደሷ ያለ ግን በዓለም ስንት አለ? የልጃችሁ መለኪያ እሷ መሆን የለባትም።

አሁን ሁለት ሳምንት ሙሉ አሳርፏት። ከዚያ «ለምን ጠላሽው?» ሳይሆን «ከምኑ ነው የጠላሽው?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መልሱ የንጋቱ ልምምድ ወይም የጓደኞቿ መራቅ ሊሆን ይችላል። አሠልጣኙን ሦስታችሁ ሆናችሁ አነጋግሩት፣ ወደ ቀድሞው ቡድን ወይም ወደ 4 ቀን መመለስ ይቻል እንደሆነ ራሷ ትጠይቀው። አርፋም «በቃኝ» ካለች ይብቃት፣ ሌላ የምትወደውን ትሞክር። ዋናው ከቀረም በኋላ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላት፣ ከሰው ከሸሸች ግን ነገሩ ከገንዳው ያለፈ ነውና የትምህርት ቤቷን አማካሪ ቶሎ አግኙ።