«ተፈናቃይ» የሚለውን ስም ማን አወጣላቸው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ውስጥ 7ኛ ክፍል ኅብረተሰብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሦስት ልጆች ክፍሌ ገብተዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች በስማቸው አይጠሯቸውም፤ «ተፈናቃይ» ነው የሚሏቸው። አንዷ ኦሮምኛ ስታወራ ደግሞ ይስቁባታል። ስለ ስደትና ፍልሰት አንድ ሳምንት ላስተምር አስቤያለሁ። ሦስቱ ከፊት ወጥተው የደረሰባቸውን ቢናገሩ የሌሎቹ ልብ ይራራ ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ አብሽሪ። ልጆቹን ግን ከፊት አታቁሚያቸው። ይህን የምልሽ እኔው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። በ1978 ደሴ ውስጥ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ረሃቡ ያፈናቀላት አንዲት ልጅ ክፍሌ ገባች። «ነይ፣ ያየሽውን ንገሪያቸው» አልኳት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ዝም አለች። ክፍሉ አለቀሰ። እኔም ጥሩ ያስተማርኩ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ እስከ ሰኔ እጇን አላወጣችም። ጓደኞቿ አዘኑላት፤ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ግን አይጠሯትም ነበር።

እና ከሦስቱ አትጀምሪ። ከሌሎቹ ቤት ጀምሪ። ሁሉም ተማሪ ማታ ቡና ሲፈላ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ከቤተሰባችን ከሌላ አገር የመጣ ወይም ወደ ሌላ አገር የሄደ ማን ነው? ምን ይዞ ሄደ? እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ ውሃ የሰጠው ማን ነው? የራሱን ቤት መናገር ያልፈለገ የጎረቤት ታሪክ ያምጣ። ማንንም አታስገድጂ። ዐረብ አገር ያለች እህት ወይም አክስት የሌለበት ክፍል ወሎ ውስጥ ካገኘሽ ጻፊልኝ። «እሷንስ እዚያ በስሟ ይጠሯታል?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። መልሱን እነሱው ይጨነቁበት።

በማግስቱ ወደ 1977 ግቢ። ደርግ በዚያ ዓመትና በተከታዩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አሰፈረ። ሰው የተነሣው በተለይ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ነው። የሰፈረው ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ነው። በአውቶቡስ የሄደ አለ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን የሄደ አለ። ወዶ የሄደ አለ፣ ታፍሶ የሄደም አለ። ባል አንድ ቦታ ሚስት ሌላ ቦታ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ካርታ ሰቅለሽ መንገዱን በጣታቸው ይከተሉት። ከሦስቱ የአንዳቸው አያት ከተሁለደሬ የሄዱ ቢሆኑ አይድነቅሽ። ይህን ግን አንቺ አትናገሪ። ካርታው ላይ ጣቱ ከወለጋ ወደ እናንተው ሐይቅ ከተማ ሲመለስ ክፍሉ ራሱ ይደርስበታል።

ብዙ መምህር ይህን ትምህርት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ615 ወደ አክሱም ከተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ አስተምሪው። ግን መጀመሪያ ላይ ካደረግሽው ልጆቹ «እኛ ጥንትም እንግዳ ተቀባይ ነን» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ይወጣሉ። እረፍት ላይ ያችኑ ልጅ ይስቁባታል። መጨረሻ ላይ አድርጊው።

ስለ ኦሮምኛው፦ የጎረቤታችሁን የወረባቦን ስም ሰሌዳ ላይ ጻፊ። ከጎኑ ወረኢሉንና ወረሂመኖን ጨምሪ። «ወረ» ምን ማለት ነው? ብዙዎቹ አያውቁትም። ልጅቷ ግን «ወራ» ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አስቀድመሽ ለብቻዋ ጠይቂያት፤ ፈቃደኛ ከሆነች ትንገራቸው። «ወሎ» የሚለው ስም ራሱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጡ ኦሮሞዎች የተገኘ መሆኑን ከዚያ ቀጥለሽ አንቺ አስረጂ። የሚስቁበት ቋንቋ አድራሻቸው ላይ ተጽፎ ሲያዩት ፊታቸውን ማየት እፈልግ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆቹ ቃሉን ከየት ሰሙት? እኔ አዋቂን እጠረጥራለሁ። የእርዳታ ደብተር ሲመጣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «ተፈናቃዮች ውጡ!» ይላል፤ እኔ በነበርኩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲያ ነበር። እናንተም ጋ እንዲያ ከሆነ ነገ ጠዋት ዝርዝሩን ከቢሮ ተቀበይ። ደብተሩን ከትምህርት በኋላ ራስሽ ስጫቸው፣ በስማቸው እየጠራሽ።